መርየም አልተወቀሰችም





አራስ ጥየቃ ስንሄድ ሕፃኑን አቅፈን «ማንን ይመስላል?» እንባባላለን፤ ገንፎ በልተን፣ ዱዓእ አድርገን እንወጣለን። እናቲቱን «አንቺስ፣ ልብሽ እንዴት ነው?» የምንላት ስንቶቻችን ነን? እሷ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች፤ ሰው ሲወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። ብትናገር የሚመጣባትን ታውቃለቻ! «ኢማንሽ ደክሞ ነው»፤ «ልጅ ያጣ ስንት አለ፣ አንቺ ምን ጎደለሽ?»

እስቲ ሱረቱ መርየምን እናስተውል፤ ጃዕፈር (ረ.ዐ.) በነጃሺ ፊት የቀራውን ሱራ። መርየም (ዐ.ሰ.) ምጥ አስጨንቋት የተምር ግንድ ተደግፋ፣ ከዚህ በፊት በሞትኩና ተረስቼ በቀረሁ ብላ ተመኘች። ይህን ያለችው አላህ ከዓለማት ሴቶች የመረጣት ሴት ናት! ታዲያ ተወቀሰች? በፍጹም። እንዳታዝን ተነገራት። ከበታቿ የሚፈስ ውሃ፣ ከዛፉ የበሰለ ተምር ቀረበላት፤ እንድትበላ፣ እንድትጠጣ፣ እንድትረጋጋ ተባለች። ለሰው መልስ ከመስጠት እንኳ አረፈች።

ስለዚህ የእናት ጭንቀት የኢማን መለኪያ አይደለም። በወለደች ሰሞን ሆድ መባሱና እንባው ብዙዎችን ያጋጥማል፤ አብዛኛውን ጊዜም በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ካለፈ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከላት፣ ልጇን ማየት ካስጠላት ግን ሕመም ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከሚወልዱ 100 እናቶች ወደ 20 የሚጠጉት የአእምሮ ጤና እክል ይገጥማቸዋል፤ አብዛኛው ድባቴ ነው። ሕክምናም አለው፦ ከባለሙያ ጋር ተቀምጦ መነጋገር፣ ባልና ሚስት አብረው የሚያደርጉት ምክክር፣ ካስፈለገም ሐኪሙ ማጥባቷን አይቶ የሚያዝላት መድኃኒት። በአቅራቢያ ካለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል። ራሷን ወይም ልጇን ስለመጉዳት ካወራች፣ የሌለ ድምፅ ከሰማች ግን ለነገ አይባልም፤ ብቻዋን ሳትተዉ በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሷት።

«ሩቅያ እናስቀራባት» ትላላችሁ? ሩቅያ ሐቅ ነው። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለውናል፤ አላህ ያለ ፈውስ ያወረደው በሽታ እንደሌለም አስተምረውናል። ቁርኣኑም ይቀራ፣ ሐኪሙም ይታይ።

ባል ሆይ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ስትጠየቅ፣ ቤተሰባቸውን ያግዙ ነበር ብላለች። ሌሊት ልጁን ተቀብለሃት ጥቂት ሰዓት ብትተኛ፣ ያንተ የተምር ዛፍ እሱ ነው። እናንተ አማቶችና ታላላቅ እህቶችም «እኛም ወልደናል» ከማለታችሁ በፊት አድምጧት።

አንቺ እህቴ! በኒፋስ ምክንያት ስለማትሰግጂ አላህ የራቀሽ አይምሰልሽ። ሶላቱን ያነሳልሽ እሱ ራሱ ነው፤ የዚክርና የዱዓእ በር ክፍት ነው። ሕመምሽን መናገርም ሶብርን አያጎድልም።

ዛሬ ከጁሙዐ ሶላት በኋላ አንዲት አራስ እንጠይቅ፤ አስቀድመን የእናቲቱን ልብ እንጠይቅ።

ያ አላህ! የተጨነቁ እናቶቻችንን ልብ አረጋጋ፣ ለታመሙት ሺፋእህን አውርድ፣ ቤታችንን በእዝነት ሙላ። አሚን!

ጁሙዐ ሙባረክ