ውለታ እስከ መቼ ይቈጠራል?

ሰው እንስሳን ከዱር አውጥቶ ወደ ቤቱ ያስገባው ለጥቅሙ ነው። በሬውን ለእርሻ፣ አህያይቱን ለጭነት፣ ውሻውን ለጥበቃ፣ ድመቲቱን ለአይጥ አደረጋቸው። ይህም ነውር አይደለም፤ በመካከላቸው ያልተጻፈ ውል አለና። እንስሳው ይሠራል፤ ሰውም ይመግባል። ነገር ግን ሥራው ሲያልቅ ውሉም አብሮ ያልቃልን? ወይስ ሥራው ቢያልፍም ዕዳው ጸንቶ ይኖራል? ይህን ጥያቄ ከሩቅ አገር በተገኘ ምሳሌ ለመመርመር አስበናል።

በጃፓን አገር፣ ሺኮኩ ከተባለችው ታላቅ ደሴት አጠገብ፣ በኤሂሜ ክፍለ ሀገር አዎሺማ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ስፋቷ ከግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በ17ኛው መቶ ዓመት ከሌላ የባሕር ዳርቻ የመጡ ዓሣ አጥማጆች ሰፈሩባት፤ አይጥ ባስቸገራቸውም ጊዜ ድመቶችን አመጡ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1945 ዓ.ም. 900 ያህል ሰዎች ይኖሩባት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ወጣቶቹ እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሄዱ፤ ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ ዐረፉ። ዛሬ የቀሩት ነዋሪዎች ዐሥር እንኳ አይሞሉም። ድመቶቹ ግን አልሄዱም፤ ማን በጀልባ ያሳፍራቸዋል? እየተዋለዱም በቍጥር ከሰው በብዙ እጅ በለጡ።

ፎቶግራፋቸው በኢንተርኔት በዓለም ላይ በተሠራጨ ጊዜ ከውጭ አገር ሳይቀር ጐብኚ ይጐርፍ ጀመር። እስቲ ከእነዚህ መካከል ብቻውን የሚጓዘውን አንዱን መንገደኛ በዐይነ ኅሊናችን እንከተለው። ከናጋሃማ ወደብ ተነሥቶ 35 ደቂቃ ያህል በትንሽ ጀልባ ይጓዛል። ጀልባዪቱ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ትመላለሳለች፤ ባሕሩ ከተናወጠም ትቀራለች። በደሴቲቱ ማደሪያ የለም፤ ሱቅም የለም፤ ስለዚህ ስንቁን ይዞ መግባት አለበት። ከጀልባው ሲወርድ ድመቶቹ ይቀበሉታል፤ በእግሩ ይተሻሹታል፤ በጭኑ ላይ ይወጣሉ። የሚያነጋግረው ጓደኛ ስለሌለ ልቡ ሁሉ ወደ እነርሱ ያዘነብላል። የመመለሻው ሰዓት ሲደርስም በፍቅር ተሞልቶ ይሳፈራል።

ይህ ፍቅር ሐሰተኛ ነው አንልም። ይሁን እንጂ በሚዛን ላይ ይውጣ። መንገደኛው የከፈለው አንድ ቀን ነው። ማዕበል ጀልባዪቱን ባስቀረ ጊዜ፣ የክረምቱም ብርድ በጠና ጊዜ፣ የድመቶቹን ጩኸት የሚሰማው እርሱ አይደለም። በየቀኑ ምግብ የሚያድሉ፣ የታመመችውን የሚያስታምሙ፣ የሞተችውን የሚቀብሩ በደሴቲቱ የቀሩት አረጋውያን ናቸው። እንግዲህ መውደድና መሰንበት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን እንረዳለን። መውደድ በአንድ ቀን ይቻላል፤ መሰንበት ግን ዕድሜ ይጠይቃል።

በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ በሚያጊ ክፍለ ሀገር፣ ታሺሮጂማ የምትባል ሌላ የድመቶች ደሴት አለች። የዚያች አገር ሰዎች ቀድሞ የሐር ትል ያረቡ ስለ ነበር፣ አይጥ ትሉን እንዳይፈጅባቸው ድመት ያሳድጉ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹም በድንጋይ ተመትታ ለሞተች አንዲት ድመት ትንሽ ቤተ ጸሎት አቆሙላት ይባላል። የሐሩ ሥራ ቀርቷል፤ የድመቶቹ ክብር ግን አልቀረም። ይህ መልካም ነው። ቢሆንም መታሰቢያ ማቆም የአንድ ጊዜ ሥራ ሲሆን፣ የተራበን ሆድ መሙላት የዕለት የዕለት ግዴታ ነው።

የአዎሺማ ሰዎች የገጠማቸው ፈተና ከዚህ የከፋ ነበር። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ነገ ማን ይመግባቸዋል የሚለው ሐሳብ ዕረፍት ነሣቸው። ስለዚህ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. 200 ያህሉ ድመቶች እንዳይወልዱ በእንስሳት ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ያሉት ይኖራሉ፤ ይመገባሉ፤ ያረጃሉ፤ የሚተካቸው ግን አይወለድም።

በዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ባለውለታን ዘር ማሳጣት ምን ዓይነት ውለታ መመለስ ነው? ለተፈጥሮ ቢተዉአቸው አይሻልም ነበርን?» የሚል አለ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሕይወት መልካም ነገር ነውና፣ ግልገል የማይታይባት ደሴት ማሰብ ልብን ያሳዝናል። ነገር ግን እነዚህ ድመቶች የዱር አራዊት አይደሉም፤ አያቶቻቸውን በጀልባ ያመጣቸው ሰው ነው፤ ጉሮሯቸውም በሰው እጅ ላይ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ያለውን ፍጡር ለተፈጥሮ ትተነዋል ማለት ቸልታችንን በመልካም ስም መጥራት ነው። የመጨረሻው አረጋዊ ደሴቲቱን በለቀቀ ማግሥት መቶዎቹ በረኀብ እንዲያልቁ ከመፍቀድ ይልቅ፣ ያሉትን እስከ ፍጻሜያቸው ጠብቆ መሸኘት የሚበልጥ ይመስለናል። የሚቀርብን ነገር እንዳለ አንክድም። ይሁን እንጂ የሚቀርብን ደስታችን ነው፤ ዕዳውም ደስታችንን ለማስቀጠል የተገባ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ለድመት ብቻ የሚሆን ትምህርት አይደለም። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለው ተረት በየመሥሪያ ቤቱ ሲፈጸም እናያለን። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ያመላለሰ ተላላኪ ጡረታ በወጣ ማግሥት ስሙን የሚያስታውስ ይታጣል። በመሰናበቻው ቀን እጅ የጨበጥነውና ንግግር ያደረግንለት ሁሉ እንደዚያ መንገደኛ የአንድ ቀን ፍቅር ነው። በታመመ ጊዜ ደጁን የሚያንኳኳ፣ የጡረታ ወረቀቱ በጠረጴዛ ላይ እንዳይውል የሚያስፈጽም፣ እርሱ ግን ዕዳውን ከፍሏል።

ስለዚህ ውለታ እስከ መቼ ይቈጠራል ለሚለን መልሳችን ይህ ነው፤ ውለታ የሚቈጠረው ባለውለታው እስከ ሠራበት ቀን ሳይሆን፣ የእኛ እጅ እስካስፈለገው ቀን ድረስ ነው። ይህን ሸክም ሁሉም ሰው በአንድነት ሊሸከም አይችልም፤ ነገር ግን እያንዳንዳችን በአጠገባችን ያለውን አንዱን እናውቀዋለን።