ገና ያልሆነው ሆኖ ሲገኝ፦ የፈረንሳይኛ ግሥና የናይሮቢ የጊዜ ጥያቄ

ፈረንሳይኛ ለግሡ ካሉት የጊዜ መልኮች አንዱ ፉቱር አንቴሪዬር ይባላል፤ ሲፈታ "ቀዳሚ መጪ" እንደ ማለት ነው። የሚያመለክተው ገና ያልተፈጸመ፣ ወደፊት አንድ ጊዜ ላይ ሲደረስ ግን ተፈጽሞ የሚገኝ ድርጊትን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ረዳት ግሡ በመጪ ጊዜ ይረባል፤ ዋናው ግሥ በተፈጸመ መልኩ ይከተለዋል። "መጨረስ" ሲረባ ለ"እኔ" ዦሬ ፊኒ፣ ለ"አንተ" ቱ ኦራ ፊኒ፣ ለ"እሱ" ኢል ኦራ ፊኒ፣ ለ"እኛ" ኑ ዞሮን ፊኒ፣ ለ"እናንተ" ቩ ዞሬ ፊኒ፣ ለ"እነሱ" ኢል ዞሮን ፊኒ ይሆናል። አብዛኞቹ ግሦች ረዳት የሚያደርጉት "አለኝ" የሚለውን ሐሳብ የያዘውን አቯርን ነው። መሄድ፣ መምጣት፣ መወለድ፣ መሞትና ጥቂት መሰሎቻቸው ግን "መሆን"ን ይይዛሉ፤ የተፈጸመው መልክም ከባለቤቱ ጾታና ቁጥር ጋር ይስማማል። ሄዳ የምትገኝ ሴት "ኤል ስራ ፓርቲ" ስትባል በጽሑፍ አንድ ፊደል ይጨመርላታል፤ ጆሮ ግን ልዩነቱን አይሰማውም።

ይህ መልክ ሦስት ዋና አገልግሎት አለው። አንደኛው ቅደም ተከተል ነው። "ስጨርስ እሄዳለሁ" ለማለት ፈረንሳይኛ ሁለቱንም ድርጊቶች መጪ አድርጎ፣ መጨረሱ ከመሄዱ እንደሚቀድም በግሡ መልክ ያሳያል። አማርኛ ይህንኑ በቦዝ አንቀጽ ይወጣዋል፤ "ጨርሼ እሄዳለሁ" ማለት ይበቃዋል። ሁለተኛው ቀነ ገደብ ነው፤ "እስክትመጣ ጨርሼ እጠብቅሃለሁ" እንደሚባለው። ሦስተኛው ግምት ነው። ቀጠሮ ያለው ሰው ሲዘገይ ፈረንሳዊው "ኢል ኦራ ኡብሊዬ" ይላል፤ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ "ረስቶ ይሆናል" ይላል። ሰውየው ረስቶ ከሆነ መርሳቱ ያለፈ ነገር ነው፤ ግሡ ግን በሁለቱም ቋንቋ ወደፊት ያመለክታል። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቋንቋዎች እዚህ መገናኘታቸው ምክንያት አለው፦ ያልተረጋገጠ ያለፈ ነገር እውነቱ የሚታወቀው ነገ ነው።

ከዚህ ላይ ሰዋስው ለፍልስፍና ቦታ ይለቃል። ገና ያልሆነ ነገር እንደ ሆነ ተቆጥሮ እንዴት ይታሰባል? የሆነውስ፣ ሆኖ መቅረቱን ማን ይጠብቅለታል?

መጪው ጊዜ በየቋንቋው ከምን እንደተሠራ ማየት ለጥያቄው መግቢያ ይሆናል። የፈረንሳይኛው የመጪ ጊዜ መድረሻ "አለኝ" ከሚለው የላቲን ግሥ የመጣ ነው፤ "እጨርሳለሁ" የሚለው በመነሻው "የምጨርሰው አለኝ" ማለት ነበር። መጪው ጊዜ እንደ ዕዳ ያለ ነገር ነው። ናይሮቢ ውስጥ በፈረንሳይኛ ማስተማሪያው ተቋም በአሊያንስ ፍራንሴዝም ሆነ በዩኒቨርሲቲ ይህን ርባታ የሚማር ኬንያዊ ደግሞ ስዋሂሊን ይዞ ይመጣል። በስዋሂሊ "ጨርሼ እገኛለሁ" ማለት "ኒታኩዋ ኒሜማሊዛ" ነው። መጪውን የሚያመለክተው "ታ" "መፈለግ" ከሚለው ግሥ፣ መፈጸምን የሚያመለክተው "ሜ" ደግሞ "መጨረስ" ከሚል ጥንታዊ ግሥ እንደመጡ የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች ያስረዳሉ። የስዋሂሊው መጪ ጊዜ ፈቃድ ነው። አማርኛ በበኩሉ በ"አለ" ይሠራል፤ "እሄዳለሁ"ም ሆነ "ሄጃለሁ" መድረሻቸው "አለሁ" ነው፤ የሚሄደውም የሄደውም አንድ ያለ ሰው ነው። የግዕዝ ሰዋስው መምህራን ያልተፈጸመውን የግሥ መልክ "ትንቢት" ብለው መሰየማቸውም የጊዜና የእምነት ጉዳይ ምን ያህል እንደተጠጋጋ ያሳያል።

ይህን ጉዳይ የፍልስፍና ክርክር ያደረገው ኬንያዊው የሃይማኖት ሊቅና የአንግሊካን ካህን ጆን ምቢቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 በኪቱይ አካባቢ ተወልዶ በ2019 ያረፈው ምቢቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው የአፍሪካ ሃይማኖቶችና ፍልስፍና በተሰኘው መጽሐፉ የአፍ መፍቻውን የኪካምባንና የጊኩዩን ግሦች የጊዜ መልክ መረመረ። ወደፊት የሚያመለክቱት ሦስት መልኮች የሚሸፍኑት ስድስት ወር ያህል፣ ቢበዛም ከሁለት ዓመት የማያልፍ ጊዜ ነው አለ። ከዚህ ተነሥቶ በባህላዊው አፍሪካዊ አስተሳሰብ ጊዜ ረጅም ያለፈ፣ አሁን፣ ከሞላ ጎደል የሌለ መጪ ነው ሲል ደመደመ። ለሁለቱ የጊዜ ክፍሎችም የስዋሂሊ ስም ሰጣቸው፦ ሰው የሚኖርበት፣ ቅርቡን መጪና ቅርቡን ያለፈ የሚያቅፈው "ሳሳ" ሲሆን፣ ሁሉም ነገር በመጨረሻ የሚከማችበት ጥልቅ ዘመን "ዛማኒ" ነው። በዚህ አስተሳሰብ ጊዜ የሚፈሰው ወደኋላ ነው፤ ክስተቱ ከሳሳ ተነሥቶ ወደ ዛማኒ ይገባል።

ድምዳሜው ብዙ ተቃውሞ ገጠመው። ጋናዊው ፈላስፋ ክዋሜ ጄኬ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ሥራው የአካን ሕዝብ ሩቅ መጪን የሚያስብበት ቃልም ሐሳብም እንዳለው አሳየ። የአማርኛ ምሳሌም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ይቆማል። "ይመጣል" የሚለው አንድ ቃል ዘወትር የሚመጣውንም ነገ የሚመጣውንም ይገልጻል። ከጓዳ የተጠራ ሰው ደግሞ ገና ሳይነሣ "መጣሁ!" ይላል፤ ያልተጀመረውን ድርጊት በኃላፊ ጊዜ ይናገረዋል፤ የሚሰማውም ሰው አይደናገርም። ይህን ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ ግን ዳግም ምጽአትን ይጠብቃል፣ ለልጅ ልጁ ዛፍ ይተክላል። የግሥ መልክ ማነስ የሐሳብ ማነስ ማስረጃ አይሆንም።

ሆኖም ምቢቲ በአንድ ነገር ከተቺዎቹ ይልቅ ወደ ጉዳዩ ልብ ተጠግቷል። ቀዳሚው መጪ በላዩ ሲታይ ስለ ወደፊቱ የሚናገር ይመስላል፤ በውስጡ ግን የሚናገረው ስለ ያለፈ ነገር ነው። "ጨርሼ እገኛለሁ" ያለ ሰው ዓይኑን የጣለው ድርጊቱ ተፈጽሞ ከኋላው በሚቆምበት ስፍራ ላይ ነው። ከሳሳ ወደ ዛማኒ የሚወርደው ክስተት ከዚሁ ጋር አንድ ነው፦ የሚሆነው ሁሉ የሆነ ለመሆን እየሄደ ነው። መጪ የለውም የተባለው አስተሳሰብ ለዚህ ረቂቅ መጪ ስም አውጥቶለት ነበር።

ምቢቲ ስለ ሙታን የጻፈውም ይህን ያጸናዋል። ሟቹን በስሙ የሚያስታውስ ሰው እስካለ ድረስ፣ እስከ አራትና አምስት ትውልድ፣ ሟቹ "ሕያው ሙት" ሆኖ በሳሳ ይኖራል። የመጨረሻው አስታዋሽ ሲሞት ግን ወደ ዛማኒ ይገባል። ናይሮቢ መሃል የኃይለ ሥላሴና የሞይ ጎዳናዎች በሚገናኙበት ስፍራ ይህ በዓይን ይታያል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1998፣ ዓርብ ጠዋት፣ በዚያ በነበረው የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ዛሬ በቦታው የመታሰቢያ የአትክልት ስፍራ አለ፤ የሟቾቹ ስም በግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ስሙን በጣቱ እየተከተለ የሚያነብ ዘመድ ሟቹን በሳሳ ያቆየዋል። አንድ ቀን ግን ከስሙ በስተጀርባ ያለውን ፊት የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ያን ጊዜ ሰውየው ኖሮ ነበር ማለት ውሸት ይሆናል?

ጀርመናዊው ፈላስፋ ሮበርት ሽፔማን በዚህ ጥያቄ ላይ የእግዚአብሔርን ህልውና ማስረጃ አቆመ። ዛሬ የሆነው ነገር ለዘለዓለም የሆነ ይሆናል፤ ይህ ሊካድ አይችልም። ያለፈ ነገር የሚኖረው ግን በመታሰብ ነው፤ የሰው ልጅ ሁሉ ሲያልፍ የሚያስበው ካልኖረ ዛሬም እውነት አልነበረም ማለት ይሆናል። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ የሚይዝ ፍጹም አእምሮ ሊኖር ግድ ነው። ፈረንሳዊው ቭላዲሚር ዣንኬሌቪች ከዚያው ስፍራ ተነሥቶ ሌላ መንገድ ሄደ፦ ሰው ይሞታል፤ ኖሮ መሆኑን ግን ምንም ነገር ሊያጠፋው አይችልም፤ ለዚህም ጠባቂ አእምሮ አይጠራም። የሽፔማን ማስረጃ ደካማ ጎኑም እዚህ ላይ ነው፤ እውነት እውነት ለመሆን አሳቢ ያስፈልገዋል የሚለውን መነሻ ያልተቀበለ ሰው ድምዳሜውን ለመቀበል አይገደድም። የሚያምን ሰው ግን በውስጡ የቆየ እምነቱን ያገኛል፤ ስም በሰው አፍ ላይ ባይቀር እንኳ በሕይወት መጽሐፍ ይጻፋል።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን የግሥ መልክ በከባድ ቦታ ይጠቀምበታል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ቁጥር 19 ለጴጥሮስ የተሰጠው የማሰርና የመፍታት ሥልጣን በግሪክኛው የተነገረው "መሆን"ን በመጪ ጊዜ፣ ማሰርን ደግሞ በተፈጸመ መልክ አጣምሮ ነው። ከዚህም ክርክር ተነሣ፦ ሰማይ የምድርን ፍርድ ያጸድቃል? ወይስ በምድር የሚታሰረው ቀድሞ በሰማይ ታስሮ የተገኘው ነው? ሰዋስው ሁለቱንም ንባቦች ይፈቅዳል፤ ምርጫው የሃይማኖት ይሆናል። በኋለኛ ዘመኑ አዲስ ኪዳንን ከግሪክኛው ወደ ኪካምባ የተረጎመው ምቢቲም ይህን ቁጥር ማለፍ ነበረበት።

የቀረው የንስሐ ጥያቄ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ የመካከለኛው ዘመን የሃይማኖት ሊቅ ቶማስ አኲናስም የሆነውን ነገር እንዳልሆነ ማድረግ እርስ በርሱ የሚጣረስ ስለሆነ በእግዚአብሔር ከሃሊነት ሥር አይቆጠርም ብሏል። ጴጥሮስ ካደ፤ ክዶ መገኘቱ ለዘለዓለም አይለወጥም። ምሕረት ድርጊቱን አይሽርም። ዶሮ በጮኸ ጊዜ ግን ሕይወቱ ገና አልተጠናቀቀም ነበር፤ የክህደቱ ትርጉም የሚታወቀው በኋላ በሚመጣው ነው። ክዶ የቀረ ሰው መሆንና ክዶ የተመለሰ ሰው መሆን ይለያያሉ፤ ልዩነቱን ያመጣው ከዚያ ወዲያ ያደረገው ነው። ቀዳሚው መጪ በሰው ሕይወት ላይ የሚይዘው ሁለት ፊት ይህ ነው፦ የተደረገው ተደርጎ ይቀራል፤ ሰውየው ማን ሆኖ እንደሚገኝ ግን እስትንፋሱ እስካለች ድረስ አልተዘጋም።