የእግዜር እንግዳ ሲታመም

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን ያለፈው ዋና መንገድ ከተማዋን አቋርጦ በሊማሊሞ ገደል ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ሌላው መንገድ በስተምሥራቅ ወደ ተራራው ይወጣል። በሁለቱም መንገድ አገሩ ያልሆነ በሽተኛ ይመጣል። ከተራራው ራሱን ሲፈልጠውና ሲያስመልሰው ያደረ ፈረንጅ ይወርዳል። ከቆላው ወባ የያዘው የዋልድባ መናኝ ሽቅብ ይመጣል። ዳባት አጠገብ ካለው የአለምዋጭ መጠለያ ደግሞ ኤርትራዊት እናት ልጇን አዝላ ትነሣለች። ሁሉም ካርድ ክፍል ሲደርሱ ስማቸውንና ቀበሌያቸውን ይጠየቃሉ። ቀበሌ የሌለው ሰው አልጋ የሚያገኘው በምን መብት ነው? በገንዘቡ፣ በምጽዋት፣ ወይስ ስለታመመ ብቻ?

አገሩ ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አለው። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ አሳድሩኝ» ሲል «ቤት የእግዜር ነው» ይባላል፤ እግሩ ይታጠባል፣ ካለው ይቀርብለታል፣ መደብ ይለቀቅለታል። ከየት እንደመጣ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። ምእመኑም አብርሃም ሳያውቅ ሥላሴን በድንኳኑ እንደተቀበለ ሲሰማና በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ሲያይ አድጓል። ልማዱ ግን የተሠራው ለአንድ ሌሊት ነው። ጤነኛ እንግዳ ነግቶ መርቆ ይሄዳል፤ በሽተኛ እንግዳ ይሰነብታል፣ መድኃኒት ይፈጃል፣ አስታማሚ ይፈልጋል፣ በሽታውም ሊጋባ ይችላል። የአንድ ሌሊት ደግነት ለአንድ ወር ሕመም ይበቃ እንደሆነ ገና አልተመለሰም።

ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲሰበክ የሚወደሰው ሳምራዊው ነው፤ ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው መንገድ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው አይቶ ያላለፈው፣ ቁስሉን በዘይትና በወይን የጠገነው፣ በራሱ አህያ የጫነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ውስጥ ግን ብዙም የማይሰበክለት ሌላ ሰው አለ፤ የእንግዶች ማረፊያው ጠባቂ። ሳምራዊው በማግሥቱ ሁለት ዲናር ሰጠው፤ ከዚያ በላይ ያወጣኸውን ስመለስ እከፍልሃለሁ ብሎትም ሄደ። የአበው ትርጓሜ ሳምራዊውን ክርስቶስ፣ ማረፊያውን ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱን ዲናር ብሉይና ሐዲስ ይላቸዋል። ምሥጢሩ በቦታው እንዳለ፣ ታሪኩን እንደ ታሪክ ለሚያነበው ጠባቂው የቆመበት ቦታ ከባድ ነው። አንድ የማያውቀው መንገደኛ ሌላ የማያውቀውን ቁስለኛ አስረክቦት ሄዷል። ቁስለኛው ስንት ቀን እንደሚተኛ አይታወቅም። ከፋዩ የአገሩ ሰው በጥላቻ የሚያየው ወገን ነው። ሳምራዊው ርኅራኄውን በአንድ ቀንና ሌሊት ፈጸመ፤ ሌሊት እየተነሣ ውሃ የሚያቀብለው፣ ጨርቅ የሚለውጠው፣ ሁለቱ ዲናር ሲያልቅም ከጓዳው የሚያወጣው ጠባቂው ነው። እሺ ይበል እምቢ ወንጌሉ አይነግረንም። በሽተኛ እንግዳ ላይ የሚነሣው የሃይማኖት ጥያቄ እዚህ ጠባቂ ላይ ይከብዳል፤ ደባርቅና ዳባትም ዛሬ የቆሙት በእሱ ቦታ ነው።

ጥንታውያኑ ይህን ተረድተውት ነበር። ስሙ ከአሥራ አራቱ ቅዳሴያት ባንዱ የሚጠራው ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቂሳርያ ከተማ ዳር ለመንገደኞች፣ ለድሆችና ለለምጻሞች ቤት ሠራ፤ ሐኪምና አስታማሚ መደበበት። ካይሮ ላይ ሱልጣን ቃላውን እ.ኤ.አ. በ1284 ያሠራው ሆስፒታል በወቅፍ (ለበጎ ሥራ በተለየ ንብረት) የተያዘ ገቢ ነበረው፤ የአገሬውንም መጻተኛውንም እንዲቀበል ታስቦ ነው የተመሠረተው። በእስልምና ከዘካ ድርሻ ካላቸው ስምንት ወገኖች አንዱ በመንገድ ላይ ስንቅ ያለቀበት መንገደኛ ነው። በአገሩ ሀብታም ቢሆንም እንኳ ከቤቱ ርቆ ሲቸገር ድርሻው አይነፈገውም። በእነዚህ ሥርዓቶች ለእንግዳው የሚወጣው ገንዘብ እንግዳው ሳይመጣ በፊት ተቀምጦ ይጠብቀዋል። በዕለቱ በር ላይ የቆመው ሰው ልብ መራራትና አለመራራት ብቻውን ዕጣውን አይወስንም።

በሰሜን መንገድ ካለፉት የውጭ አገር ሰዎች ሁሉ የታወቀው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ሲገባ በእቴጌ ምንትዋብ ቤተሰብ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና እንደ ሐኪም ታመነ፤ በቤተ መንግሥት የተወደደውም በዚህ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ስናር ሲወርድ ነገሩ ተገለበጠ። በጠረፉ ቆላ ተቅማጥ ያዘው፤ የአገሬው ሰዎች የዋጊኖስን ሥር ሰጡትና ዳነ። ተክሉን በመጽሐፉ ለአውሮፓ አስተዋወቀ፤ ሳይንስም በእሱ ስም ብሩሲያ ብሎ ሰየመው። ተክሉ እስከ ዛሬ የሚጠራው በበሽተኛው ስም ነው። መድኃኒቱን የሚያውቁት፣ የሰጡትና ያስታመሙት ሰዎች ከስያሜው ውስጥ የሉበትም። እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን እየተባለ ሲነገር ይህ ጎዶሎ መታወስ አለበት፤ ያከመ ሰው ሒሳቡ ሳይጻፍለት የቀረው ያኔም ነበር።

የዛሬው ተጓዥ ከብሩስ የተሻለ ስንቅ አለው። ከደባርቅ ተነሥቶ ሳንቃበርን በ3,250 ሜትር፣ ግጭንና ጨነቅን በ3,600 ሜትር ግድም ያልፋል፤ ራስ ዳሽን ላይ 4,533 ሜትር ይደርሳል። ሰውነቱ ስስ አየሩን ሳይለምድ ፈጥኖ የወጣ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ከባሰም ሳንባው ወይም አንጎሉ ውሃ ይቋጥርና ሊሞት ይችላል። ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደርሱለት ጠመንጃ የያዘው የፓርኩ ስካውት፣ አስጎብኚውና ባለበቅሎው ናቸው። ቋንቋው ባይገባቸውም እርምጃው መንገዳገዱንና ምላሱ መተሳሰሩን ያያሉ። ተጓዡ ከፍሎ የመጣው ጫፉን ለመርገጥ ነውና ሊሞግት ይችላል፤ የእነሱም የቀን ገቢ ጉዞው ሲቋረጥ አብሮ ሊቋረጥ ይችላል። እንዲህም ሆኖ «በቃ፣ እንውረድ» የሚል ሰው እንግዳውን ከፈቃዱ በላይ አክብሮታል። ከዚያ ደባርቅ፣ ሪፈር ከተጻፈለት ጎንደር፣ ካስፈለገም ከጎንደር በአውሮፕላን አዲስ አበባ ይሄዳል። ኢንሹራንስ አለው፣ ኤምባሲ አለው። ሳምራዊው በስልክ ይገኛል።

የአለምዋጭ ስደተኞች ነገር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የሰሜኑ ጦርነት ትግራይ ውስጥ የነበሩትን የማይ ዓይኒና የዓዲ ሐሩሽ መጠለያዎች ሲያምስ፣ በዚያ የነበሩ ኤርትራውያን ዳባት ወረዳ ውስጥ ወደተዘጋጀው አለምዋጭ መዛወር ጀመሩ። ያን ጊዜ ደባርቅና ዳባት ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ በኩል በሸሹ ተፈናቃዮች ተጨናንቀው ነበር። በዚያው ዓመት በነሐሴ ማብቂያ እዚያው ዳባት ወረዳ፣ ጭና ተክለሃይማኖት ላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። እንግዳ የተቀበለው አገር ሐዘን ላይ የተቀመጠ አገር ነበር። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ በአገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ገንዘቡ ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ለማይገባው እየዋለ ነው በሚል በኢትዮጵያ ላሉ ስደተኞች የሚሰጠውን ምግብ ለወራት አቋረጠ። ምግቡ የተቋረጠበት ሕፃን ዞሮ የሚመጣው ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ስመለስ እከፍላለሁ ያለው ዓለም ሲዘገይ ማረፊያውን የሚጠብቀው ሰው ምን ያድርግ?

እዚህ ላይ የአገሬው ሰው ቅሬታ መሰማት አለበት፤ ከንፉግነት የመጣ አይደለም። ከበየዳና ከጃናሞራ ቀበሌዎች ምጥ የጠናባት ሴት ዛሬም በቃሬዛ የምትወርድበት ገደል አለ፤ ተሸካሚዎቹ እየተፈራረቁ ነው የሚያደርሷት። በ2011 እ.ኤ.አ. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ገበሬው በዓመት እያዋጣ የሚታከምበት ነው። መሠረቱ አባልነት ነው፤ ያዋጣ ይታከምበታል። እንደ ዕድር በአባላት የሚቆም መረዳጃ የእኔ የሚለው ሰው ባይኖረው አንድ ቀን አያድርም። የአባላቱ መዋጮ ላላዋጣ እንግዳ ይውጣ የሚል ሰው መዋጮዋን በከፈለች ባልቴት ብር ነው የሚያዝዘው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 90 ላይ የጤና አገልግሎትን ሲያነሣ የሚናገረው ስለ ኢትዮጵያውያን ነው።

ፈላስፋው ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው ድርሳኑ ለዚህ ቅሬታ የሚሆን ወሰን አበጅቷል። ለእሱ እንግዳ መቀበል የደግነት ጉዳይ ሳይሆን የመብት ጉዳይ ነው፤ ግን ጠባብ መብት ነው። ባለቤቱ እንግዳውን እንደ ቤተሰብ የማኖር ግዴታ የለበትም፤ መመለሱ ለጥፋቱ ካልሆነ ሊመልሰው ይችላል። ለጤነኛ ተጓዥ ይህ ትንሽ ነገር ነው። ሳንባው ውሃ ለቋጠረ ሰው ወይም ደም ለሚፈሳት ወላድ ግን «ወደ አገርህ ተመለስ» ማለት የሞት ፍርድ ነው። ስለዚህ ነፍስ አስጊ በሆነ ሕመም የካንት ጠባብ መብትና የገበሬው «ቤት የእግዜር ነው» አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ከዚያ በመለስ ባለው ሕመም ግን ገበሬው ከፈላስፋው አርቆ ይሄዳል።

ደግነቱ የሚሰበርበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2020 በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተገለጸ፤ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ የአሜሪካ ኤምባሲ የውጭ ዜጎች በየቦታው እየተሰደቡ፣ ድንጋይ እየተወረወረባቸው፣ ታክሲ እየተከለከሉ መሆኑን ጠቅሶ ለዜጎቹ ማስጠንቀቂያ አወጣ። የእግዜር እንግዳ በአንድ ሳምንት በሽታ አምጪ ተባለ። ፍርሃት ሲገባ በልማድ ብቻ የቆመ ደግነት በቶሎ እንደሚናድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የሰሜን ሰው ራሱ ግን ባዕድ ሆኖ መታመምን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከደጋው ወጣቶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ ሁመራና መተማ ይወርዳሉ። ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ሥር ያድራሉ፤ በተሰነጠቀው ጥቁር አፈር የሚራባው የአሸዋ ዝንብ ነክሶ ካላዛር ያስይዛቸዋል። በሽታው ቆላውን ያልለመደውን ደገኛ ይበልጥ ይጎዳል፤ ሳይታከም ከቆየም ይገድላል። ሕክምናው የሳምንታት መርፌ ነው። ያን ያህል ጊዜ የቀን ሠራተኛው ደመወዝም ዘመድም አጠገቡ የለም። እነዚህን ወጣቶች ለዓመታት ያከሙት አብደራፊ ላይ የሠሩት ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ማዕከል ናቸው። ወላጆቻቸው ደባርቅና ዳባት ተቀምጠው ልጃቸውን የማያውቁት ሰው እንዲያስታምመው ጸልየዋል።

እንግዲህ ምን ይሁን? ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ፈረንጁም፣ ስደተኛዋም፣ በቃሬዛ የመጣችውም በሕመማቸው ክብደት ይሰለፉ፤ ዶላር ያለው ስለከፈለ አይቅደም፣ መታወቂያ የሌላት ስለሌላት አትዘግይ። ሒሳቡ ግን ይጻፍ፤ ለኢንሹራንሱ፣ ለተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን፣ ለሚመለከተው ሁሉ ይላክ። ሆስፒታሉ ያወጣውን መጠየቁ ጽድቁን አይቀንስበትም፤ ሳምራዊውም ሲመለስ እንደሚከፍል አስቀድሞ ቃል ገብቷል። ዓመታት አለምዋጭ የኖረው ቤተሰብ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ያለፈ ነው። ከዳባት ገበያ የሚሸምት፣ ልጅ የወለደ፣ ሬሳ የቀበረ ሰው እንግዳነቱ አልቋል። እንደ ጎረቤቱ ገበሬ መዋጮውን እየከፈለ የጤና መድኑ አባል ይሁን፤ አቅም ለሌለውም እንደ ማንኛውም ድሃ አባወራ ይከፈልለት። ይህን ለማድረግ ወረዳው፣ መድን አገልግሎቱና የስደተኞች አገልግሎት ቁጭ ብለው መነጋገር፣ መዋጮው ከየት እንደሚሸፈንም በጽሑፍ መስማማት አለባቸው።