ስለ ደን መንገድና ስለ ተጓዡ ዕዳ

በከተማችን ሰዎች ዘንድ በዕረፍት ቀን ወደ ደን ወጥቶ በእግር የመመላለስ ልማድ እየበዛ ሄዷል። ቀድሞ ሰው ወደ ጫካ የሚገባው እንጨት ሊለቅም፣ ከብት ሊጠብቅ፣ ወይም ከዓለም ተለይቶ ሊጸልይ ነበር። ዛሬ ግን ሌላ ምክንያት ተጨምሯል፤ ይኸውም ዓይንን ለማስደሰት፣ አየር ለመለወጥ፣ ደክሞ የሰነበተውን ሰውነት ለማሳረፍ ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሥራ ፈትነት ነው ብለው ይነቅፉታል፤ ሌሎችም ጤና ነውና ምንም ጥያቄ የለበትም ብለው ያመሰግኑታል። ነገር ግን ነቃፊውም አመስጋኙም ዋናውን ነገር ያለፉት ይመስለኛል። መጠየቅ የሚገባው «በደን ውስጥ መመላለስ ይገባልን?» የሚለው አይደለም፤ «በማን ድካም በበቀለ ጥላ፣ በማን ችግር በተጠበቀ ደን ውስጥ እመላለሳለሁ? ስለዚህስ ምን ዕዳ አለብኝ?» የሚለው ነው።

መመላለሱ በራሱ ነውር አለመሆኑን አስቀድመን እንናገር። አባታችን አዳም የተቀመጠው በዕፅዋት መካከል ነው እንጂ በግንብ መካከል አይደለም፤ የተሰጠውም ሥራ ማልማትና መጠበቅ ነበር። በዕፅዋቱ ውበት መደሰት ከበደል አልተቈጠረበትም፤ በደል የሆነበት ያልተፈቀደለትን መቍረጡ ነው። የቅኔ ተማሪም ቢሆን ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ ቅኔውን የሚቈጥረው በመምህሩ ደጅ ታፍጎ አይደለም፤ ወደ ዱር ወጥቶ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ከራሱ ጋር እየተነጋገረ ነው። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ልጅ ዘንድ የዱር ዝምታ እንግዳ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ያው ቅኔ ሰሙን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ወርቁን እንደሚያጣ ያስተምራል። የደን መንገድም እንዲሁ ነው። አረንጓዴውን ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው ሰሙን አየ፤ አረንጓዴው እንዴት ሊቆይ እንደ ቻለ ያልጠየቀ ሰው ወርቁን ሳያገኝ ቀረ።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር በምናውቀው ስፍራ ላይ እንመልከተው። ኮልፌ ቀራንዮ በአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለ ክፍለ ከተማ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ደን ለማየት የሚሻ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ወደ ሰሜን ቀና ቢል የእንጦጦን ሰንሰለት ያገኛል፤ በዚያም ምዕራባዊ ትከሻ ላይ፣ መሬቱ ለጉለሌና ለኮልፌ ቀራንዮ የሚደርሰው፣ 705 ሄክታር ስፋት ያለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ። ይህንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር ተባብረው አቋቋሙት። ወደ ምዕራብ ቢመለከት ደግሞ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የወጨጫ ተራራ ይታየዋል፤ በተራራውም ጎን የመናገሻ ሱባ ደን አለ። እነዚህ ሁለት ደኖች አንድ ዓይነት ታሪክ የላቸውም፤ አንዱ ጠፍቶ የተተካ፣ ሁለተኛው ተጠብቆ የቆየ ነው። ሁለቱን አስተያይቶ የሚሄድ ሰው ብዙ ነገር ይማራል።

አስቀድመን የእንጦጦውን እንመልከት። ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓመታት ከተማቸውን በእንጦጦ ላይ አደረጉ። ስፍራው ከፍታው ከ3,000 ሜትር የሚያልፍ ስለ ሆነ ጠላትን ከሩቅ ለማየት የተመቸ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ከተማው በእቴጌ ጣይቱ አሳብ ወደ ፍል ውኃ መውረድ ጀመረ፤ ስሙም አዲስ አበባ ተባለ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት ግን በዚያው በተራራው ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው። ያን ጊዜ ለቤትና ለአጥር፣ ለወጥና ለእንጀራ፣ ለመኳንንቱም ለሠራዊቱም የሚሆነው እንጨት ሁሉ ከዚያው ከአካባቢው ይቈረጥ ነበር። የቈረጠው እጅ ብዙ ነበር፤ የተከለው እጅ ግን ጥቂት ነበር። ስለዚህ ተራራው ጥቂት ዘመን ሳይቆይ ተራቈተ።

በአገራችን በቀደሙት ዘመናት ደን ሲያልቅ ከተማ ይነሣ ነበር። ንጉሡ ድንኳኑን ነቅሎ እንጨትና ውኃ ወዳለበት ይሄዳል፤ የተራቈተውን መሬት ግን ለቀረው ገበሬ ይተውለታል። በ1890ዎቹም ይኸው ሊሆን ተቃርቦ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በማገዶ ማጣት ምክንያት መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አሰቡ። አዲስ ዓለም ከከተማችን በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ ያለ ስፍራ ነው። በዚያም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ ኋላ ግን አሳቡ ስለ ተለወጠ የተጀመረው ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ደብረ ጽዮን ማርያምም ተባለ። አሳቡን ካስለወጡት ምክንያቶች አንዱ በ1880ዎቹ መጨረሻ ከአውስትራልያ ዘሩ መጥቶ የተተከለው ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ቢቈርጡትም ከጉቶው የሚያቈጠቍጥ ስለ ሆነ ከተማው በስፍራው ጸና። ሕዝቡም ባሕር ተሻግሮ መጥቷልና ባሕር ዛፍ አለው፤ እንግድነቱ እስከ ዛሬ ከስሙ አልተለየም።

ይህን ታሪክ መተርጕማን እንደሚያደርጉት በአንድም ብንፈታው እንዲህ ይሆናል። ባሕር ዛፍ የቸኰለ ሰው መድኃኒት ነው፤ ከስደት አድኖናልና ልናመሰግነው ይገባል። አንድም የችኰላ ዋጋ ምስክር ነው፤ ከሥሩ ሌላ ቡቃያ እንዲበቅል እምብዛም አይፈቅድምና፣ ብዙ ውኃም ይጠጣልና። ሁለቱም እውነት ነው። ዛሬ በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በሚዞረው የእግር መንገድ የሚሄድ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። ቀጥ ብሎ የቆመውን ባሕር ዛፍ ሲያልፍ፣ ደረቅ ቅጠሉ ከእግሩ በታች ሲንኰሻኰሽ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ጥድና ወይራ፣ ኮሶና ሌላው አገር በቀል ዛፍ ወደሚገኝበት ሲደርስ፣ ሽታው ይለወጣል፤ የወፉም ድምፅ ይለወጣል። ማዕከሉ የባሕር ዛፉን ስፍራ ቀስ በቀስ ለአገር በቀል ዕፅዋት እያስመለሰ ነው። በጥቂት ዘመን የጠፋውን ለመመለስ የብዙ ትውልድ ዕድሜ እንደሚያስፈልግ ያ መንገድ ያስተምራል።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ወጨጫ እንሻገር። የመናገሻ ሱባ ደን ታሪክ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ በ1426 ነግሠው በ1460 ዓ.ም. ያረፉት፣ ከደብረ ሲና አቅራቢያ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው በዚህ ተራራ ላይ እንዳስተከሉ ሲነገር ኖሯል። በዐፄ ምኒልክም ዘመን የመንግሥት ደን ተብሎ ተጠብቋል። ዛሬ በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ሁለት ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ግንድ ያገኛል። ከታች ጥድና ዝግባ፣ ወይራም አለ፤ ወደ ላይ ሲወጡ ኮሶ ይበዛል፤ ከጫፉ ሲቃረቡ አስታና ጅብራ ይታያል። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚዘል ጉሬዛ፣ ከቍጥቋጦ ውስጥ ድንገት የሚነሣ የምኒልክ ድኩላ መንገደኛውን ያስደንቀዋል።

በዚህ ነገር የሚያስገርመኝ የዛፉ ትልቅነት ብቻ አይደለም። ዘርዐ ያዕቆብ ከተማቸውን ያደረጉት በደብረ ብርሃን ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከሱባ ሩቅ ናት። ጥድም ዝግ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። እንግዲህ ነገሩ እንደ ተነገረው ከሆነ ያስተከለው ሰው በጥላው አልተቀመጠም፤ ሊቀመጥበትም አላሰበም። ይልቁንም ከንጉሡ ይልቅ የማስበው ትእዛዙን የፈጸመውን ነው። ያዘዘው ስሙ ቀረ፤ ጕድጓዱን የቈፈረውና ውኃውን በጫንቃው ያመላለሰው ሰው ግን ስሙን የጻፈለት የለም። ከእርሱም በኋላ የመጡት፣ ብርድ እየቀጣቸው ምሳር ያላነሡ፣ ብዙዎች ናቸው። ከ550 ዓመት በላይ ያለፈ ደን የሚቆመው አንድ ጊዜ ስለ ተተከለ ብቻ አይደለም፤ በየዘመኑ ሰው እጁን ስለ ሰበሰበ ነው። በየገዳማቱና በየአድባራቱ ዐጸድ የቀረው ዛፍም እንዲሁ ነው፤ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በብዙ ስፍራ ሜዳው ተራቍቶ ደን የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ መሆኑን የሥነ ፍጥረት ተመራማሪዎች መስክረዋል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ደስ የሚያሰኝ ነው። አሁን ግን ደስ ወደማያሰኘው እንሂድ። ደን የሚጠበቀው በመከልከል ነው፤ ክልከላውም በሁሉ ላይ እኩል አይከብድም። የከተማው ሰው ማገዶ ቢያጣ ሌላ ይገዛል፤ ድኻ ግን የምትገዛበት የላትም። በእንጦጦ መንገድ በማለዳ ሁለት ዓይነት ሰው ሲገናኝ ኖሯል። አንዱ ላቡን ፈልጎ የሚያወጣ ነው፤ ሁለተኛዪቱ ሳትፈልግ የምታፈስ ናት። አንዱ ባዶ እጁን ለጤናው ሽቅብ ይወጣል፤ ሁለተኛዪቱ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ አስራ፣ ወገቧ ጐብጦ፣ የልጆቿን እራት ልትሸጥ ቍልቍል ትወርዳለች። መንገዱ አንድ ነው፤ ዛፉም አንድ ነው። ለአንዱ ውበት፣ ለሌላዪቱ እንጀራ ነው። ጠባቂው ግን መግቢያ የከፈለውን እያሳለፈ ጭራሮ የያዘችውን ያስቆማል። ይህንን አይቶ «ደኑን የምታጠፋ እርሷ ናት» ብሎ የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም፤ እንጦጦን ያራቈተው የድኻ ጭራሮ ብቻ አይደለም፤ የመኳንንት አዳራሽና የሠራዊት ማገዶ ነው እንጂ።

እንግዲህ ምን እንበል? ክልከላው ይቅር ብንል ደኑ ይጠፋል፤ ደኑም ሲጠፋ ምንጩ ይደርቃል፤ ምንጭ ሲደርቅ አስቀድማ የምትጠማው ያችው ድኻ ናት። ክልከላው ብቻውን ይጽና ብንል ደግሞ ደስታችንን በእርሷ ረኃብ ገዛን ማለት ነው። ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ቀራንዮ የሚለው ስም ራሱ መልሱን የሚያመለክት ይመስለኛል። ይህን ስም በየዕለቱ እንጠራዋለን፤ የታክሲ ረዳትም ይጮኽበታል፤ ትርጓሜውን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። መድኃኒታችን ዕፀ መስቀሉን ተሸክሞ ወደ ቀራንዮ በሚወጣበት ጊዜ፣ ወንጌላዊው ማርቆስ እንደ ተረከው፣ ስምዖን ቀሬናዊ የሚባል ሰው ከገጠር ሲመለስ በዚያ ያልፍ ነበር። የራሱን መንገድ የሚሄድ መንገደኛ ነበር እንጂ ለነገሩ የተጠራ አልነበረም። እንጨቱን እንዲሸከም ግድ አሉት፤ ተሸከመም። ስሙም የልጆቹም ስም እስከ ዛሬ በወንጌል ይነበባል።

የድኻይቱን ሸክም ከጌታ መስቀል ጋር እናስተካክላለን ማለት አይደለም፤ ይህ አይገባም። ነገር ግን ከገጠር የሚመለስ መንገደኛ በመንገዱ ላይ እንጨት የከበደው ሰው ቢያገኝ ነገሩ የሌላ ሰው ነው ብሎ ሊያልፍ እንደማይችል ከዚህ እንማራለን። በመንገድ ማለፍ ራሱ ዕዳ ያመጣል። ያየ ሰው እንዳላየ አይሆንም።

ታዲያ ዕዳው በምን ይከፈላል? ሸክሙን ለአንድ ቀን ተቀብሎ በማውረድ ብቻ አይደለም፤ ነገ ሌላ ሸክም አለና። ደኑን የሚከለክል መንግሥትም፣ በደኑ የሚደሰት ባለጠጋም፣ ለተከለከለችው ሌላ እንጀራ ሊያስገኙ ይገባል። ይህም የማይቻል ነገር አይደለም። በእንጦጦ ግርጌ ቀድሞ እንጨት ይሸከሙ የነበሩ ሴቶች በማኅበር ተሰብስበው ሽመና ሠርተው የሚተዳደሩበት ምሳሌ በዓይናችን ታይቷል። እንደዚሁም በ2013 ዓ.ም. እንደ ተከፈተው እንደ እንጦጦ ፓርክ ያለ ስፍራ ሲበጅ፣ በዚያ መንገድ ትሸከም የነበረችው ሴት ከጥበቃውም ከአትክልቱም ሥራ ቀዳሚ ብትሆን ፍርድ ይሆናል። ደኑን ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው እርሷ ናትና። ከተማውም ከማገዶ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ በተሻገረ መጠን የጥዱ ዕድሜ ይረዝማል፤ ምጣዱም ሆነ መብራቱ ከድኻ ቤት ካልደረሰ ግን ምክሩ ስድብ ይሆናል።

ለሞቱትም ዕዳ አለብን፤ ይኸውም ስማቸው ያልተጻፈውን ተካዮች ማስታወስ ነው። ላልተወለዱትም ዕዳ አለብን፤ ይኸውም በጥላው የማንቀመጥበትን ዛፍ መትከል ነው። ባሕር ዛፍ የሚተክል ሰው ለራሱ ይተክላል፤ ይህም አይነቀፍም፤ ቤት የሚሠራበት ያስፈልገዋልና። ጥድና ዝግባ የሚተክል ግን ለማያውቀው ሰው ይተክላል። ከሁለተኛው ዓይነት ተክል በየቤቱ ደጅ፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በየደብሩ ዐጸድ አንድ እንኳ ሳይተክል በሱባ ጥላ የሚመላለስ ሰው ሳይዘራ የሚያጭድ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ወደ ደኑ ሂድ፤ መሄድህን አንነቅፍም። በጉለሌም በሱባም ተመላለስ፤ ልብህ ይስፋ፤ ፈጣሪህንም አመስግን። ነገር ግን ስትወርድ ሸክም የከበዳት ሴት ብታገኝ ከመንገዱ ዳር ቆመህ አሳልፋት፤ ሰላምታም ስጣት፤ ኑሮዋንም ጠይቃት። ከዚያ በኋላ ወደ ማኅበርህ ስትሰበሰብ፣ ወደ ቀበሌህ ስብሰባም ስትጠራ፣ ስለ ደን ጥበቃ ነገር በተነሣ ጊዜ፣ ስለ ዛፉ ከተናገርህ በኋላ ስለ እርሷም ተናገር።