ቸርኬን በሚዛን እንጂ በዓይን አትግዛ

ልጄ፣ ቶዮታ ቪትዟ እጅህ ከገባች ወዲህ ሐሳብህ ሁሉ ቸርኬ ላይ መሆኑን እናትህ ነግራኛለች። ሶማሌ ተራ ወርደህ ባለ 17 ኢንች የሚያብረቀርቅ ቸርኬ አይተህ፣ በዋጋው ተከራክረህ፣ ቀብድ ልትጥል ጥቂት እንደቀረህም ሰምቻለሁ። ፍላጎትህን አልነቅፍም። መኪናውን የሚወድ ሰው ይንከባከበዋል፤ እኔም ዕድሜዬን በጋራዥ ያሳለፍኩት ሥራውን ስለምወደው ነው። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ቀብዱን ከመጣልህ በፊት ከሥሩ እንነጋገር።

የአሉሚኒየም ቸርኬ መኪናን የሚጠቅመው በቅለቱ ነው። አሉሚኒየም እኩል መጠን ካለው ብረት ጋር ቢመዘን የብረቱን ሲሶ ያህል ነው፤ ማግኒዥየም ከዚያም ያንሳል። አሉሚኒየም ግን የብረትን ያህል ስለማይጠነክር ወፈር ተደርጎ ይሠራል። ስለዚህ አሉሚኒየም የተባለ ሁሉ ቀላል ነው ብለህ አትገምት። ከብረት ቸርኬ የሚከብድ፣ ለመልክ ብቻ የተሠራ የአሉሚኒየም ቸርኬ ስንቱን በእጄ አንስቼዋለሁ።

ቅለቱ ለምን ይጠቅማል? አንተም፣ ሞተሩም፣ ወንበሩም የምትሄዱት በሞላና በሾክ አብዞርበር ላይ ተቀምጣችሁ ነው። ቸርኬው፣ ጎማውና የፍሬኑ ዲስክ ግን ከሞላው በታች ናቸው፤ የመንገዱን ዱላ የሚቀበሉት ያለ ከለላ ነው። ኮብልስቶን ላይ ስትነዳ ጎማው በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ስንቴ ይነሳል፣ ስንቴ ይወድቃል። ከባድ ከሆነ አንዴ ወደ ላይ ከተወረወረ ሞላውና ሾኩ ወደ መሬት ለመመለስ ይቸገራሉ፤ ድብደባውም ወደ አካሉ፣ ከአካሉም ወደ ወገብህ ያልፋል። ቀላል ከሆነ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይመለሳል። ጎማው መሬቱን ባልለቀቀ ቁጥር መሪው ይታዘዛል፣ ፍሬኑም ይይዛል። በጀርባ የተሸከሙት ኪሎና ጭቃ ይዞ እግር ላይ የተንጠለጠለ የቦቲ ጫማ ኪሎ ዳገት ላይ እኩል እንደማያደክሙ ገበሬ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ የቸርኬም ክብደት እንደዚያው ነው።

ሌላም አለ። ቸርኬ ወደ ፊት ከመሄዱ በላይ ይሽከረከራል። ጎማው በሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ ያለ አንድ ኪሎ ሞተሩን የሚያስቸግረው መኪናው ውስጥ ከተጫነ አንድ ኪሎ በላይ ነው፤ ሞተሩ ወደ ፊት ሊገፋውም ሊያሽከረክረውም ግድ ነውና። ፍሬን ስትይዝም ያንኑ ጉልበት ዲስኩ ማብረድ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ባለ አንድ ሊትር ሞተር ይዘህ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ነገሩ ይገባሃል።

ይሁንና አላሞኝህም። ከእያንዳንዱ ቸርኬ 2 ኪሎ ብታተርፍ ከአራቱ 8 ኪሎ ነው። መሽከርከሩን ብንጨምርበት እንኳ 16 ኪሎ አይሞላም፣ አንድ ቶን ከሚጠጋ መኪና ላይ። ሞተር የለወጥክ አይምሰልህ፤ የነዳጁም ቁጠባ ጥቂት ነው። ትልቁን ለውጥ የምታገኘው በመሪው ቅልጥፍናና በአካሄዱ ምቾት ላይ ነው፣ እሱም ለእኛ መንገድ የሚናቅ አይደለም።

ይህን ከጥንት ያወቁት የውድድር ሰዎች ናቸው። ኤቶሬ ቡጋቲ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1924 ፈረንሳይ፣ ሊዮን በተካሄደ ውድድር ላይ ታይፕ 35 የተባለችውን መኪና ሲያቀርብ ቸርኬዋ ከአሉሚኒየም የፈሰሰ፣ ስምንት ጠፍጣፋ ክንዶች ያሉት፣ የፍሬን ታምቡሩም አብሮት የተሠራ ነበር። ያን ቀን ግን አላሸነፈችም። ጎማዎቹ በደንብ ያልበሰሉ ስለነበሩ እየተላጡ አስቸገሩ። ከዚያ በኋላ ቡጋቲ በሲሲሊ የሚካሄደውን የታርጋ ፍሎሪዮ ውድድር ከ1925 እስከ 1929 አምስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል። የዚያን የመጀመሪያ ቀን ነገር ልብ በልልኝ፤ ቸርኬ የቱንም ያህል ቢያምር መሬት የሚነካው ጎማው ነው።

አሁን ወዳየሃት ባለ 17 ኢንች እንምጣ። በሬ ሳሩን እንጂ ገደሉን አያይም ይባላል። ጎማህ ላይ 175/65 አር 14 ተብሎ ተጽፏል። ስፋቱ 175 ሚሊሜትር ነው፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ነው፣ ቸርኬው 14 ኢንች ነው ማለት ነው። ሒሳቡን ሥራው፤ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት 114 ሚሊሜትር ያህል ጎማ አለህ። ወደ 17 ከወጣህ፣ ጎማው ፓርፋንጎውን እንዳይፍቅና የፍጥነት መቁጠሪያህ እንዳይሳሳት፣ 195/40 የመሰለ ስስ ጎማ ማድረግ ይኖርብሃል። ጎኑ 78 ሚሊሜትር ይሆናል። 36 ሚሊሜትር የአየር ትራስ በገዛ ገንዘብህ አስወገድክ ማለት ነው። ጉድጓድ ስትገባ ያንን ዱላ ማን ይቀበለው? ቸርኬው ነው። ብረት ቢሆን ይጎብጣል፣ ጎሚስታው ቀጥቅጦ ያቃናዋል፤ አሉሚኒየም ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። በዚያ ላይ ባለ 17ቱ ከነጎማው ብዙውን ጊዜ ከ14ቱ የብረት ቸርኬ ይከብዳል። ቅለትን ፍለጋ ወጥተህ ክብደት ገዝተህ መመለስ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። እኔን ከሰማኸኝ በ14 ቆይ። ግድ ካልክ 15 ኢንች ላይ 185/55 አድርግ፤ ጠቅላላ ቁመቱ ካንተው ጎማ ጋር ያለው ልዩነት ከሁለት ሚሊሜትር አይበልጥም።

ስትገዛ ሚዛን ይዘህ ሂድ። የሻንጣ መመዘኛ የምትንጠለጠለዋ ትበቃለች። መጀመሪያ ያንተን የብረት ቸርኬ ያለ ጎማ መዝነህ ጻፍ፤ ከዚያ የሚሸጠውን መዝን። ሻጩ ደስ ባይለውም ቁጥር አይዋሽም። ቀጥሎ ገልብጠው። ሰው ሁሉ ፊቱን ያያል፣ ችግሩ ያለው በውስጠኛው በርሜል ላይ ነው። በፀሐይ አምጥተህ በጨርቅ ጥረገው፤ ጥፍርህን በጠርዙ ዙሪያ ቀስ እያልክ አሂድ። ስንጥቅ እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ጥፍር ላይ ይያዛል። አዲስ ቀለም አንድ ቦታ ብቻ ከወፈረ፣ ወይም የሞረድ ጭረት ካየህ፣ ተበይዶ ሊሆን ይችላል። የአሉሚኒየም ጥንካሬ ከፊሉ በፋብሪካ በሙቀት የተሰጠው ነው፤ ብየዳ ያንን ያፈርሰዋል። የተበየደ ቸርኬ በነጻ ቢሰጡህም አትውሰድ። ባላንስ ማሽን ላይ ያለ ጎማ አሽከርክረውልህ ጠርዙ ወዲያ ወዲህ ይል እንደሆነ እይ። ዓይን ካላየበት ግንባር ነው።

ውስጡ ላይ የተቀረጸውንም አንብብ። ጄ ደብሊው ኤል የሚለው ምልክት ቸርኬው ለጃፓን የቀላል ቅይጥ ቸርኬ መመዘኛ የተሠራ ነው ማለት ነው። በግፊት የተቀጠቀጠ ቸርኬ፣ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰው ይልቅ ቀጭን ሆኖ ይጠነክራል፣ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። ስመ ጥር ቸርኬ ሁሉ አምሳያ ተሠርቶለታል፤ በጣም ውድ መሆኑ የታወቀ ዕቃ በጣም ረክሶ ከቀረበልህ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ልኩም መግጠም አለበት። የቪትዝ ቡሎኖች አራት ናቸው፣ 100 ሚሊሜትር ክብ ላይ። መሃሉ 54.1 ሚሊሜትር ነው። የቸርኬው መሃል ከሰፋ የማእከል ቀለበት አስገባበት፤ አለበለዚያ ባላንስ ብታሠራውም መሪው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ወደ ውጭ ወጣ የሚል ቸርኬ፣ ለመልክ ሲሉ ስፔሰር የሚጨምሩበትም እንዲሁ፣ ኩሽኔታውን ይበላል፣ መሪውንም እጅህ ላይ ያስመነጭቀዋል። ፋብሪካው ያደረገውን ኦፍሴት፣ ማለትም ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚቀመጥበትን ልክ፣ አትልቀቅ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ሾኮችህ ዘይት የሚያለቅሱ ከሆነ፣ ቴስቲናው ከላላ፣ ጎማህ ካረጀ፣ ገንዘቡ መጀመሪያ ወደዚያ ይሂድ። የደከመ ሾክ ቀላል ቸርኬንም መሬት ላይ ሊያቆየው አይችልም። አዲስ ጥሩ ጎማና ጤነኛ ሾክ በብረት ቸርኬ፣ ያረጀ ጎማ ከተጫነበት ውድ ቸርኬ ይልቅ ዝናብ ላይ ቶሎ ያቆምሃል። እናትህ ከኋላ ተቀምጣ የምትሄድበት መኪና ነውና ይህን ምክር ብትተው እቀየምሃለሁ።

ስታስገጥም አጠገቡ ቁም። ዳዶው ለዚያ ቸርኬ የተሠራ ይሁን። አንዳንዱ ቸርኬ ጫፉ የሾለ ዳዶ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ጠፍጣፋ ባለ ዋሸር፤ ካምታታኸው ጠበቀ ብለህ የሄድከው መንገድ ላይ ይላላል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። በአየር መፍቻ እንዲጨርሱት አትፍቀድ፤ በእጅ፣ በመስቀል ቅርጽ፣ በመጨረሻም በቶርክ ሬንች። ለቶዮታ ትንንሽ መኪና 103 ኒውተን ሜትር ነው። አሉሚኒየም መቀመጫውን እስኪይዝ ጥቂት ይላላልና 100 ኪሎሜትር ሳትሞላ ደግመህ አጥብቀው።

የድሮዎቹን የብረት ቸርኬዎችና ዳዶዎቻቸውን አትሽጥ። ስኮርታህ የብረት ስለሆነ፣ አዲሱ ዳዶ የማይገጥመው ከሆነ መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳብህ ትቸገራለህና፣ ከድሮዎቹ ዳዶዎች አራቱን በጨርቅ ጠቅልለህ ከክሪኩ ጋር ሻንጣው ውስጥ አኑራቸው።