ጥፋትና ዕዳ

የወንጀል ድራማ ከጥንቱ አንድ ጥያቄ ይዞ ይነሣል፤ «ጥፋተኛው ማን ነው?» ይላል። መርማሪው ይፈልጋል፤ ጥፋተኛው ይያዛል፤ ተመልካቹም እፎይ ብሎ ወደ መኝታው ይሄዳል። የስዊድን ደራስያን ግን በዚህ እፎይታ ረክተው አልተቀመጡም። ማይ ሹቫልና ፔር ቫህሎ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1975 ባሳተሟቸው 10 የወንጀል ልብ ወለዶች፣ ከገዳዩ ባሻገር ገዳዩን ያፈራውን ኅብረተሰብ ለምርመራ አቅርበዋል።

ሄንሪክ ቢዮርን የፈጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በስዊድን ቴሌቪዥን የታየውና በ2017 ሁለተኛው ክፍል የተከተለው «ዮርድስኮት» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ምርመራውን አንድ እርምጃ አርቆ ወደ ጫካ ያስገባዋል። ኤቫ ቶርንብላድ የፖሊስ መርማሪ ናት። ልጇ ሐይቅ ዳር ከጠፋች ከ7 ዓመት በኋላ፣ አባቷ ሲሞት፣ ሲልቨርሆይድ ወደተባለችው የትውልድ ከተማዋ ትመለሳለች፤ በዚያም ሌላ ሕፃን ጠፍቶ ይቆያታል። የቤተሰቧ ሀብት የተገኘው ከደንና ከማዕድን ነው። በደኑ ውስጥ ደግሞ የስዊድን ገበሬ በተረቱ ሲያወሳቸው የኖሩ፣ ፍጹም ሰውም ፍጹም አውሬም ያልሆኑ ፍጡራን አሉ። ከእነርሱ ጋር የተገባው የቆየ ቃል ኪዳን ፈርሷል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። በደሉ በተረት ፍጡራን ከተሳበበ የሰው ኃላፊነት አይደበዝዝምን? ምናብስ ከእውነታ መሸሺያ አይሆንምን? ተቃውሞው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ምናብ በዚህ ድራማ የሚሠራው ተቃራኒውን ነው። ዛፍ ለፍርድ ቤት ቃሉን አይሰጥም፤ የደረቀ ምንጭም ከሳሽ ሆኖ አይቆምም። ተረት አንደበት ለሌለው ተበዳይ አንደበት ይሆነዋል። ከምድሩ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ደን በሆነበት፣ ለብልጽግናውም እንጨትና ማዕድን ትልቅ ድርሻ ባላቸው አገር፣ ይህ ክስ የተረት ክስ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

እንግዲህ ዕዳው የማን ነው? «የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይባላል። አባባሉ እውነት ነው፤ እውነቱ ግን ወሰን አለው። ጥፋትና ዕዳ አንድ አይደሉምና። ጥፋት ከሠሪው ጋር ይቀራል፤ አባት ለቈረጠው ዛፍ ልጅን ጥፋተኛ ማድረግ ግፍ ነው። ዕዳ ግን ሀብቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ውርሱን የተቀበለ እጅ «ዕዳውን አላውቀውም» ሊል አይችልም። ሕፃናቱ በበኩላቸው ገና ምንም አልተቀበሉም፤ የገቡት ቃልም የለም። የደኑ ክስ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ ክፍያው ሕፃን በሆነበት ቅጽበት ፍትሕ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ወንጀል ይሆናል።

የኤቫም ፈተና ይኸው ነው። መርማሪም፣ ወራሽም፣ ልጇን ያጣች እናትም በመሆኗ ከነገሩ ውጭ ቆማ ልትፈርድ አትችልም። ተመልካቹም ቢሆን ጥፋተኛው በመያዙ ብቻ እፎይ ሊል አይገባውም። የተቀመጠበት ወንበርና የሚጽፍበት ወረቀት ከአንድ ደን መጥተዋል፤ ዛፉን እርሱ አልቈረጠውም፤ ዋጋው ተከፍሎ እንደ ሆነ የመጠየቅ ግዴታ ግን የእርሱ ነው።