ሁለት ነገሥታት በነቢይ ፊት



ሳኦልም ዳዊትም ነቢይ በገሠጻቸው ጊዜ መበደላቸውን በአፋቸው አምነዋል። ታዲያ አንዱ ስለ ምን ተናቀ፥ ሌላውስ ስለ ምን ተማረ?

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 15 እንደምናነበው፥ ሳኦል ከአማሌቅ ምርኮ የተመረጠውን ከብት አስቀርቶ ሳለ ትእዛዙን ፈጽሜአለሁ አለ። የበጎቹ ጩኸት ሲያጋልጠው በሕዝቡ አመካኘ። በመጨረሻም ኃጢአቱን አምኖ ሳሙኤልን የለመነው በሽማግሌዎች ፊት እንዲያከብረው ነበር! ዳዊት ግን የኦርዮ ደም በእጁ ሳለ ናታን በምሳሌ ሲገልጥበት፥ ኢዮአብን አልከሰሰም፤ ቤርሳቤህንም አላነሣም። በእግዚአብሔር ላይ መበደሉን በአጭር ቃል ተናግሮ ዝም አለ። ምሕረትን አገኘ፤ ልጁን ከመቅበር ግን አልዳነም።

እኛስ? በንስሐ አባታችን ፊት ስንቀርብ የባለቤታችንን ቁጣ፥ የሰበካውን ጠብ፥ የሰው አገር ኑሮን ክብደት አስቀድመን እንተርካለን። ካህኑ ሲያሰናብቱን የሰሙት የሌላውን ሰው ኃጢአት ነው። በስደት ካህን በቅርብ አይገኝም እንላለን፤ ለብዙዎቻችን እውነት ነው። አንዳንዶቻችን ግን በስልክ የምናገኛቸውን የሩቁን አባት የመረጥነው የቅርቡ ስለሚያውቁን መሆኑን ልባችን ያውቀዋል።

እንግዲህ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፥ በአንድ ቅዳሴ ቆመን ሰላምታ የምንነፋፈገውን ወንድማችንን በደጀ ሰላሙ ጠብቀን «በድዬሃለሁ» እንበለው፤ «አንተም እኮ» የሚለውን ሳንጨምር።